ሽማግሌ የተላከበት ፊልም

እሷን የማያውቅ ሐበሻ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ የለም፤ አይቻታለሁ የሚል ግን አንድም አልተገኘም። ሁሉም «ሰው ነገረኝ» ነው የሚለው። ያ ለሁሉም የሚነግር ሰውዬ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ፊልም ብቻውን ተቀምጦ አይቷል ማለት ነውና።

እኔ ያወቅኳት በሥራ ነው። ኑሮዬ ሳን ሆዜ፣ እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ሐኪም ቤት፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት፣ በሁለት ሰዎች መካከል ወንበር ስቤ እቀመጥና አንዱ ያለውን ለሌላው እላለሁ። የራሴን አስተያየት የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔ ደግሞ አስተያየት የማይጠፋኝ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ቤቴ ስገባ ይወጣል። ባለቤቴ ያውቀዋል፤ ኮቴን ሳላወልቅ ሻይ አቅርቦልኝ ከአጠገቤ ዞር ይላል።

አንድ ቀን ዶክመንተሪ የምትሠራ አሜሪካዊት ከኦክላንድ ደወለችልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ ትፈልጋለች። ፊልሙ ስለ ማን እንደሆነ ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርግ ማን እንደሆነች ገባኝ። ሳን ሆዜ ያደገች የእኛው ልጅ፣ ለዓመታት የወሲብ ፊልም ስትሠራ የኖረች፣ አሁን ያንን ትታ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ በሚያየው ፊልም ተዋናይ መሆን የምትፈልግ ሴት። ዳይሬክተሯ የምትቀርጸው የዚህችን ሴት ሕይወትና ይህን ምኞቷን ነው። እሺ አልኳት። ባለቤቴ ለምን እሺ እንዳልኩ ሲጠይቀኝ ሥራ ሥራ ነው አልኩት፤ እውነቱ ግን ልጅቷን ማየት ፈልጌ ነው።

የተገናኘነው ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ብስክሌት መጠገኛ በላይ በተከራዩት ክፍል ነው። ምን እንደጠበቅኩ እንጃ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ እጅጌው የረዘመ ሹራብ የለበሰች ሴት ብድግ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «አክስቴ» አለችኝ። ዳይሬክተሯ ካሜራዋን እያስተካከለች ስለነበር ይህ አልተቀረጸም። «እንደገና ሰላም ተባባሉ» አለችን። እንደገና ሰላም ተባባልን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከዚያች ዳይሬክተር ጋር ኮከባችን አልገጠመም።

ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ወይ በእንግሊዝኛ ነው ወይ ቅልቅል። ስለ ኦዲሽን፣ ተዋናይ ስለሚመረጥበት ፈተና፣ ነገረችኝ። «ስሜን ያዩና ጉግል ያደርጉኛል፤ ከዚያ ፊታቸው ቼንጅ ያደርጋል» አለች። የሚሰጧት ሮል ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ቡና ቤት ውስጥ የምትጨፍር ሴት፣ ወይ ሬሳ። «ሬሳው ይሻላል» አለች፣ «ቢያንስ አንሶላ ያለብሱኛል።» እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ግን ነገሩን ረጅም ጊዜ ያሰበችበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። «ሁሉም ሰው ሲያየኝ ያቺን ነው የሚያየው። አንድ ሰው፣ ጀስት አንድ ሰው፣ እኔን እያየ ሌላ ሰው ያየ እንዲመስለው ነው የምፈልገው። ለአንድ ደቂቃም ይሁን። አክቲንግ ማለት እሱ አይደል?» እሱ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ በሁለት ሰዎች መካከል ሳይሆን በእሷ በኩል ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የአገር ሰው ይሻላል ብዬ ካምቤል ውስጥ ለበዓል ለበዓል ትያትር የሚያሳይ አንድ የሐበሻ ቡድን ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ኃላፊው በአክብሮት ተቀበለን፤ ወንበር ሳበልን፣ ስለ ኪነ ጥበብ ረጅም ንግግር አደረገልን። በመጨረሻም «ኮል እናደርግልሻለን» አላት። ልጅቷ ወደ መኪናው ቀድማ ስትሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መቼም ታውቂዋለሽ፣ ልጆች የሚያዩት ትያትር ነው» አለኝ። ቆም ብሎ ደግሞ፣ «በአካል ስትታይ አጠር ትላለች» አለ። እሱም ሰው ነግሮት ይሆናል። ኮል አላደረጉም። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች አስቁመውኝ፣ «ከእሷ ጋር ትታያለሽ አሉ» አሉኝ። አዎ እታያለሁ አልኳቸው። ሌላ ምን እንደምል ጠብቀው ሲያጡ ስለ አየሩ ጠየቁኝ።

ያን ሰሞን ግን አንድ ዕድል ተገኘ። ኦክላንድ ውስጥ ሊቀረጽ የታሰበ አነስተኛ ፊልም ላይ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ቦታ አለ፤ ሐኪም ቤት ስታጸዳ አድራ ጠዋት ስትገባ ልጇን ትምህርት ቤት ሳትሄድ ቤት የምታገኛት ሴት። ማንም አይጨፍርም፣ ማንም አይሞትም። ጽሑፉን አሳየችኝ። ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርስ «እናት ሳህን እያጠበች ልጇን በአማርኛ ትቆጣለች» ይልና ባዶ ይተወዋል። ጸሐፊው ቁጣው ምን እንደሚል ከየት ያውቃል? ያን ባዶ ቦታ መሙላት የእኛ ፈንታ ሆነ።

እሷ ኦክላንድ፣ እኔ ሳን ሆዜ ስለሆንን መሐል ላይ ፍሪሞንት፣ ባቡር ጣቢያው ያለው መኪና ማቆሚያ፣ በእኔ መኪና ውስጥ ከሥራ በኋላ እንገናኝ ጀመር። ቃላቱ አላስቸገሩንም፤ ከየእናታችን ሰረቅን። ችግሩ ሌላ ነበር። ልጅቷ የምታውቀው አማርኛ ልጅ ሆና የተቆጧትን ነው፤ ቁጣ መቀበል እንጂ መስጠት አታውቅበትም። «ጫማሽን የት ጣልሽው?» ስትል ራሷ ጫማ የጠፋባት ትመስላለች። «መልስ አትጠብቂ» አልኳት። «የሐበሻ እናት የምትጠይቀው መልስ ፈልጋ አይደለም።» ደገመችው። አሁንም መልስ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ራሴ ተቆጣኋት፤ ያኔ ዓይኗን ጨፍና ድምፄን ትሰማ ነበር። ተቀይማለች ብዬ ዝም ስል «ዶንት ስቶፕ» ትለኛለች።

ሳምንታት ፈጀብን። አንድ ቀን እሷን መሪው ጋ አስቀምጬ፣ እኔ እንደ ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር ላይ ስሰማት ሳላስበው አንገቴን ደፋሁ። መስኮቱ ተንኳኳ። የጣቢያው ጥበቃ ነው፤ «ሰላም ናችሁ? እርዳታ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር። እሱ ሲሄድ ልጅቷ መሪው ላይ ተደፍታ እስኪበቃት ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዳይሬክተሯን ይህ ሁሉ ብዙም አላስጨነቃትም። የእሷ ጥያቄ ሁልጊዜ «እናቷስ?» ነው። የልጅቷ እናት ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት፤ የልጃቸውን ስልክ ካላነሱ ዓመታት አልፈዋል። ዳይሬክተሯ እናትየው ከሌሉበት ፊልሙ ልብ የለውም ትላለች። አንድ ቀን ልጅቷ፣ እኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል ብላ ነገረቻት። የዳይሬክተሯ ዓይን በራ። ሽማግሌዎቹ ምን ይለብሳሉ፣ በእግራቸው ነው የሚመጡት ብላ ጠየቀችኝ። በመኪና ነው፣ ፓርኪንግ ካገኙ አልኳት። ሽምግልና ትያትር አይደለም፣ ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ ብልም የሰማኝ የለም። ልጅቷም ፈለገችው። «ካሜራው ከሌለ ድፍረቱ የለኝም» አለችኝ።

ዋናው ሽማግሌ ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ አማርኛቸው ከእኛ የሚበልጥ ሰው። የከተማውን ባልና ሚስት ግማሹን ያጋቡ፣ ግማሹን ያስታረቁ እሳቸው ናቸው። ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው ሊመጡ ተስማሙ። ልጅቷ ደግሞ ለእናቷ በስልክ አጭር መልእክት ጻፈችላቸው፤ እማዬ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ እባክሽ በር ክፈቺላቸው። ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ያላገባች ልጅ ላለቻቸው እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም። እሷ ግን እዚህ ነው ያደገችው፤ ሽማግሌ ሲባል የምታውቀው አባትና እናቷ ሲጣሉ ይመጡ የነበሩትን ብቻ ነው። መልእክቱን ሳትልክ ለእኔ ብታሳየኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

እሑድ ዕለት በሩ ሲከፈት ነው ነገሩ የገባኝ። እናትየው ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ዘመድ አዝማድ በየሶፋው ተደርድሯል፤ ጠረጴዛው ሞልቷል። ዳይሬክተሯ ይዛው የመጣችውን ካሜራማን ሲያዩ ጭራሽ ደስ አላቸው። እዚህ አገር ሽምግልናም ያለ ቪዲዮ አይሆንም፤ የሙሽራው ወገን ቪዲዮ አንሺ ይዞ የመጣ መስሏቸዋል። «ካም ኢን፣ ካም ኢን» ብለው በመስኮቱ በኩል ብርሃን ያለበትን ቦታ አሳዩት። ዳይሬክተሯ እንዲህ ያለ አቀባበል ከየት መጣ ብላ እኔን ታየኛለች።

ዋናው ሽማግሌ ቀሚሱን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። በስንቱ ቤት ሴት ልጅ የጠየቁ ሰው ናቸው፤ ከእኔ በፊት ገብቷቸዋል። ግን ምን ያድርጉ፣ ወጉ መቆም ነውና ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ እናትየው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌው። ይህንን ደግሞ ለጋብቻ የመጣም ለእርቅ የመጣም ይለዋል።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ እናትየው ወጉ እንደሚያዘው። ከዚያ ግን መታገሥ አቃታቸው። «ልጁ ምን ይሠራል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤት፣ ሙሽራ የለም» አሉ። «እኛን የላከችን ልጅዎ ናት። ከእናቴ አስታርቁኝ ብላ ነው።»

የእናትየው ፊት ምን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ባላየው እመርጥ ነበር። ዳይሬክተሯ ጆሮዬ ሥር «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች። ልጁ ምን ይሠራል ብለው ነው የጠየቁት አልኳት። «የቱ ልጅ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ካሜራው ወደ እናትየው ፊት ሲጠጋ አየሁና በእጄ ልከልለው ቃጣኝ።

እሳቸው ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» አሉ። «ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ስልኳን የማላነሳው ተቆጥቼ አይደለም። አንስቼ ምን ልበላት? ሥራ እንዴት ነው ልበላት?» ከዘመዶቹ አንዱም ቀና አላለም።

«ያን ሥራ ትታዋለች» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አሁን ደህና ፊልም መሥራት ነው የምትፈልገው። ይሄ ካሜራም የመጣው ስለ እሷ ፊልም ሊሠራ ነው።»

እናትየው ወደ ካሜራው አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ። «ይጠቅማታል?» አሉኝ። በእኔ በኩል ይጠየቃል እንጂ እኔ ተጠይቄ አላውቅም። ሁሉም ሰው አፌን ያያል። «ይጠቅማታል ይላሉ» አልኩ። «ለሥራዋ?» «ለሥራዋ።» «እንግዲያው ይቅረጹ» አሉ። «እሷ የት ናት?» መኪና ውስጥ እንዳለች ነገርናቸው። «ትግባ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።»

ገባች። እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። እሳቸው ጭልፋውን ሳይለቁ በሌላው እጃቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ሳህን ሰጧት። ከእኔ ጋር ያን ያህል የደከምንበት አማርኛ እናቷ ፊት ሲደርስ ብን ብሎ ጠፋ። «በላሽ ወይ?» ሲሏት «ያ፣ ማሚ»፤ «ጨምሪ እንጂ» ሲሏት «አይም ጉድ»። በልተን ወጣን። እርቅ ወርዷል ተባለ። ዳይሬክተሯ መንገድ ላይ «ያንን ፊት አገኘሁት» እያለች ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ እስከ ቤቴ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ቤቴ ስደርስ ግን ባለቤቴ ሻዩን አቅርቦ ዞር ማለቱ አልበቃውም፣ ጓሮ ወጣ።

የኦዲሽኑ ቀን ከዚያ ብዙም አልራቀም። ከብስክሌት መጠገኛው በላይ ያለው ክፍል ጥጉ ላይ ዕቃ ማጠቢያ ስላለው የፊልሙ ሰዎች እዚያው ሊያዩዋት መጡ፤ ዶክመንተሪውም ጎን ለጎን ይቀርጻል። ሻሽ አስራ፣ የጽዳት ሠራተኛ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ውሃውን ከፈተች። «ጫማሽን የት ጣልሽው? እኔ ቆሜ አድሬ እግሬ ጫማ አልገባ ብሎኝ መጣሁ፤ ያንቺ ጫማ ደግሞ እግር አጣ።» ትከሻዋ ወርዷል። አልዞረችም፣ መልስም አልጠበቀችም። ሳህን እያስቀመጠች ስለ አስተማሪዋ፣ ስላልተበላው ቁርስ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ጉብዝና ተናገረች። ከዚያ ድምጿ መሐል ላይ በረድ አለና፣ «ነይ እስቲ፣ ፀጉርሽን ልሥራልሽ። እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት አትሄጂም» ብላ ዞረች። እርጥብ እጇን በሸሚዟ ጠረገች። አማርኛ የማይሰሙት ሰዎች ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ቃላቱን አብሬ ያወጣሁት እኔ እንኳን ልጆቼ ትምህርት ቤት ሄደው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ከያዙ ቆይተዋል።

ያለ አንቺ አንሠራውም አሏት። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ኮሪደር ቆሜ ሳለ ደወለችልኝ። «አልወሰዱኝም» አለች። «ቤስት ነበርሽ አሉኝ። ግን ዶክመንተሪው ሲወጣ ሰው ሁሉ ያንን ነው የሚያስበው፣ ሶሪ አሉኝ።» መውጫ ይሆነኛል ብላ የገባችበት ፊልም በሩን ዘጋባት። ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን ፊቴ አልነበረም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በዚህች ልጅ ላይ ግን ምሳሩ የበዛው ልትነሳ ስትል ነው። «እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ሐሙስ ሹት አለኝ» አለች። «ሬሳ ነኝ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ካሜራ ይዛ ሥራ ቦታዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ያንን ስልክ እንደገና እንድንደዋወልላት ትፈልጋለች። እምቢ አልኳት።

ፊልሙ ተቆራርጦ ሲያልቅ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም እንድመለከት ቢሮዋ ጠራችኝ። የእናትየው ፊት ሙሽራ የለም ሲባሉ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ቀስ ብሎ፣ አሁንም አሁንም ይመጣል። የማጠቢያው ትዕይንት ግን ገና ስለ ጫማው ተናግራ ሳትጨርስ ያበቃል። «ይኼ ብቻ ነው?» አልኳት። ተመልካቹ ጎበዝ መሆኗን ለመረዳት ይህ ይበቃዋል፣ ታሪኩ መቀጠል አለበት አለችኝ። ልጅቷ የለመነችው አንድ ደቂቃ እንደሆነ፣ ይህ ፊልም ያቺን የድሮዋን ሴት ከምንም በላይ አድምቆ እንዳወጣት፣ በሥራዬ ዘመን ሁሉ ያልተናገርኩትን ያህል ተናገርኩ። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ስለ ስሜትሽ አመሰግናለሁ አለችኝ። እንዲህ ያለው ምስጋና ውጪልኝ ማለት መሆኑን ለማወቅ አሜሪካ ውስጥ ብዙ መቆየት ያስፈልጋል።

ፊልሙ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ታየ። እናትየው እሄዳለሁ አሉ፤ ከሳን ሆዜ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ፍሪሞንትን ስናልፍ፣ «ክፉ ነገር ያሳያሉ?» አሉኝ። አያሳዩም አልኳቸው። «እኔንስ?» እርስዎን ያሳያሉ አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ልጅቷ መቀመጥ አልቻለችም፤ መብራቱ ሲጠፋ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። እኔና እናቷ መሐል ላይ ተቀመጥን። ያ ፊታቸው ሲመጣ እናትየው ዓይናቸውን እጃቸው ላይ ጣሉ። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማል። ልጃቸው ስለ ራሷ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱንም እጃቸውን እያዩ ሰሙ።

ከዚያ ውሃ ተከፈተ። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፤ ትቆጣለች። እናትየው ቀና አሉ። ወደፊት አዘነበሉ። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ። «አነጋገሯ ደስ ሲል።»

ለሰው ስንት ነገር ነግሬያለሁ፤ በሽታ፣ ፍርድ፣ ሞት። እንዲህ ያለውን ለመንገር ግን ታድዬ አላውቅም ነበር። «የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። ወደ ስክሪኑ ተመለሱና አፌን በእጃቸው ከደኑት። «ዝም በይ፣ ልስማት።»

ግን አልቋል። ሴትዮዋ ሳትዞር፣ ነይ ፀጉርሽን ልሥራልሽ ሳትል፣ አውራ ጎዳና መጣ፤ መኪና፣ ሙዚቃ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። እናትየው እንዳዘነበሉ ጠበቁ። «አትመለስም?» አሉኝ። ቆርጠዋታል አልኳቸው። «ለምን ይቆርጧታል?» ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ከፊታችን የተቀመጠችው ዳይሬክተር ዞራ ደረቷን በእጇ ይዛ ፈገግ አለችልን። ፊልሙ ልባቸውን የነካው መስሏት ነው።

እናትየው ተነሱ። የሰው እግር እየረገጡ፣ ይቅርታ ሳይሉ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በሩ አጠገብ የቆመችውን ልጃቸውን እጇን ይዘው ፈንዲሻ ወደሚሸጥበት ኮሪደር ጎተቷት። ልጅቷ ደንግጣ «ማሚ፣ አይም ሶሪ» ማለት ጀምራ ነበር።

«አላወቅኩሽም» አሉ እናቷ።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እውነታቸውን ነው አልኳት፤ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳውን ተደገፈች። አፏን በሹራቧ እጅጌ ያዘች።

«የቀረውን በይልኝ» አሏት እናቷ።

እዚያ ማጠቢያ የለም፣ ካሜራም የለም። ፈንዲሻ የምትሸጠው ሴት ባንኮኒዋን ትወለውላለች። ከውስጥ የፊልሙ ሙዚቃ ይሰማል። ልጅቷ ዓይኗን ጠረገችና ጀርባዋን ሰጠችን፤ ትከሻዋ ወረደ። ከጫማው ጀመረች። እናቷ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው፣ ቆመው ሰሟት።